የታይስቶ ድምፅ በኦይቫ ኮምፒውተር ላይ

ኦይቫ ኬስኪታሎ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በራሄ፣ በብረት ፋብሪካው ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ የባሕሩን በረዶ እየበሳ ዓሣ ያጠምዳል፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ አሮጌ ኮምፒውተር ሲፈታና ሲገጥም ያሳልፋል። ሚስት አላገባም። ከቤቱ ግድግዳ ማዶ ታናሽ ወንድሙ ታይስቶ ከሚስቱ ከሄልቪ ጋር ይኖር ነበር፤ ከነሱ ቀጥሎ ያለው ቤት የኔ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይሰዳደቡ ከዋሉ የተኳረፉ ይመስል ነበር።

ታይስቶን ጡንቻ የሚጨርሰው በሽታ ያዘው። መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ እግሩን፣ በመጨረሻ ምላሱን አሰረው። ሐኪሞቹ መዳኛ እንደሌለው አልደበቁትም። አንደበቱ ጨርሶ ሳይዘጋ ኦይቫ ማይክራፎን ደቅኖ ያስነብበው ጀመር፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ተምሮ በኋላ እንዲናገርለት ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠው መሣሪያ የሚናገረው በማያውቁት ሰው ድምፅ ነበር። ታይስቶ በዓይኑ ፊደል እየመረጠ ሞከረውና፣ «ይሄን ዜና አንባቢ ከቤቴ አውጡልኝ» አለ።

ስለዚህ ኦይቫ የራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ፤ ዓይን የት እንዳረፈ የምትከታተለውን ትንሽ ካሜራ ከስክሪኑ ሥር አሰረ። ኮምፒውተሩ ግን ያን ሁሉ ድምፅ መሸከም አቃተው። ታይስቶ አንድ ቃል ጽፎ እስኪሰማ ሾርባው ይቀዘቅዛል። ኦይቫ ሚሞሪ ገዝቶ ጨመረበት።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ታይስቶ ዓይኑን ፊደሎቹ ላይ አንከራተተና የገዛ ድምፁ፣ ያው ሻካራው፣ ከድምፅ ማጉያው ወጣ፦

«አንተ ሽማግሌ፣ ያን ሹራብ አሁንም አላጠብከውም?»

ኦይቫ ሳቀና ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ሄልቪ ወደ ደጅ ወጣች፤ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ በረዶው ላይ ቆማ አየኋት። ስትመለስ ታይስቶ፣ «ሄልቪ፣ አንቺን እኮ…» ብሎ ጀመረ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ኮምፒውተሩን መልሰው ሲያስነሱት ታይስቶ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። «ተይው» ብቻ አላት።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ። ጥቂት ይናገራል፣ ድርግም ይላል። ጥፋቱ የኦይቫ ነበር። ድሮ የኮምፒውተር አውሮፕላን ጨዋታ ሲወድ የማሽኑን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጎት ነበርና፣ አዲሱ ሚሞሪ ሲጨመርበት ጭነቱን አልቻለም። ኦይቫ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ወደሚገኘው ሴቲንግ እየገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያስነሳል፣ ይጠብቃል። በጣም ሲቀንሰው አይጠፋም፤ ግን ድምፁ ይጎተታል፣ ይሰባበራል፣ የታይስቶ መሆኑ ይቀራል።

«የቱ ይሻልሃል?» አለው አንድ ቀን። «ዝግ ብሎ የማይጠፋው ወይስ ፈጣኑ?»

«ፈጣኑ።»

«መሃል ላይ ይቋረጥብሃል እኮ።»

«እና ምኔ ነው መሃል ላይ ያልተቋረጠ?»

ኦይቫ ግን አልተወውም። ሄልቪ፣ «ኦይቫ፣ በናትህ ማሽኑን ተወውና አጠገቡ ተቀመጥ» ትለው ነበር። እሱ «ትንሽ ብቻ ቀረኝ» ይላል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ወደ ፈጣኑ መለሰው፤ የሚሞሪውን ፍጥነት ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገው፤ ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ በትንሹ ከፍ አደረገለት። ብርዱ አልፎ ባሕሩ በረዶውን ሲለቅ ኮምፒውተሩም ረጋ። ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም ሳይጠፋ ዋለ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን የታይስቶ ዓይን ደከመ። የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፤ ካሜራዋ ትስተዋለች። ኦይቫ ስክሪኑን አቀረበ፣ አራቀ፣ ፊደሎቹን አገዘፈ። ታይስቶ አንድ ፊደል ይይዝና ይለቀዋል። በመጨረሻ መሞከሩንም ተወ።

በጋው አጋማሽ ላይ ሄልቪ ማድ ቤት ድንች ስትልጥ ከወዲያ ክፍል የባሏን ድምፅ ሰማች።

«ሄልቪዬ፣ ደክሞሻል። እስቲ ተቀመጪ።»

ቢላዋውን ጥላ ሮጠች። ኦይቫ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈ አገኘችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ይሄን ማለት የሚፈልግ መሰለኝ።»

«መሰለህ!» አለች። «ኦይቫ፣ ሁለተኛ! ሁለተኛ እንዳታደርገው!»

ሁለቱም ወደ ታይስቶ ዞሩ። ዓይኑ ተከድኗል፤ ከዳር እንባ ወርዷል። ዓይኑ ብዙ ጊዜ ስለሚያነባ ነገሩ ምንም ላይሆን ይችላል። ሄልቪ በመሐረብ ጠረገችለትና ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ታይስቶ በመስከረም ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሄልቪ ኦሉ ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ሄደች፤ ስትሄድ ኦይቫን በጨዋ ደንብ ጨብጣ ተሰናበተችው፤ ከዚያ ግን አልደወለችም። አሁን እዚያ ቤት አዲስ ሰዎች ገብተዋል።

በቀደም ከኦይቫ ጋር ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ አፈሰሰና ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ያን በድምፁ የተናገርኩለት ቀን ተናዶ ነበር ወይስ ደስ ብሎት?»

«ወንድምህን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀው የለ?»

«የሚሰማውን የማውቀው ሲሰድበኝ ነበር» አለ። ጭልፋውን እንደገና ሞልቶ ድንጋዩ ላይ ደፋ።