ሰርቨሩ ሞቶ «ኔትወርክ ነው» ያልንበት ቀን

«ልጄ፣ ሙዙን ቆርጬ መንገድ ዳር ቁጭ ብያለሁ። መኪናው የታለ?»

ዛሬ ረፋድ ላይ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የደወሉልኝ ጋሽ ታደመ ናቸው። እኔም ሳላስብ «ኔትወርክ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው።

ኔትወርክ አልነበረም።

የሙዝ ገበሬዎች በስልካቸው መኪና የሚጠሩበትን ሰርቨር የምሠራው እኔ ነኝ። ማሻሻያ በጫንኩ ቁጥር ሰርቨሩን በራሱ የሚፈትሽ አጭር ኮድ አለኝ። ይጠራዋል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ካጣ «ወድቋል» ይለኛል።

ግን አርባ ምንጭ ነው ያለነው። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ደህናውን ሰርቨር «ወድቋል» እያለ ሲያስደነግጠኝ፣ የጊዜ ገደቡን አነሳሁለትና «መልስ እስኪመጣ ጠብቅ» አልኩት። (ትዕግሥት ያስተማርኩት መስሎኝ ነበር።)

ዛሬ ጠዋት ማሻሻያ ስጭን ሰርቨሩ የምር ሞተ። ኮዱ «በመጠበቅ ላይ» ብሎ ቁጭ። ገበሬዎቹ ኔትወርክ ነው ብለው ቁጭ። እኔም ሲቀላ ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ።

የነቃሁት አጠገቤ ያለው ሰውዬ በስልኩ ኳስ ሲያይ ነው። አንዴም አልተቆራረጠበትም!

እየሮጥኩ ቢሮ ገብቼ ሰርቨሩን ላስነሳ ስል ኢንተርኔቱ የምር ጠፋ። ይህንንም የምጽፈው ሲመለስ ይለጠፋል ብዬ ነው።

ጋሽ ታደመ ደግመው ደወሉ። ፀሐዩ በርትቷል፣ ሙዙ እየጠቆረ ነው።

«ጋሼ፣ አሁንስ እውነቴን ነው፣ ኔትወርክ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ጠዋትም ብለኸኛል» ብለው ዘጉት።

እናንተስ? «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ ስትጠብቁ፣ ለካ የሞተ ነገር ኖሮ ያውቃል?