ይቅርታ ለሚስተር ቢጆይ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አውቶቡስ ተራ

ሰማዩ ሳይገልጥ ትኬቴን በጥርሴ ነክሼ፣ ተጋፍቼ ገባሁ። ዛሬ አዋሳ ካልደረስኩ አለቀልኝ። የሒሳብ መምህሬ የነበሩት ህንዳዊው ሚስተር ቢጆይ ኮንትራታቸው አብቅቶ ነገ ጠዋት ጠቅልለው ላገራቸው ይነሣሉ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው!

ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ዝዋይ

አቧራ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ፣ በስሙኒ የሚሸጥ ፓፓያ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ አዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ነጋዴ ጋሽ ዳንጊሶ የፋኖስ ብርጭቆ ጭናቸው ላይ አቅፈዋል።

“ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?”

ነገርኳቸው። እኛ ህንድን የምናውቃት ከሲኒማ ቤት ነው፦ ቪጃይ፣ ሳንጃይ፣ ላክሽሚ፣ ሳሪ። ሚስተር ቢጆይ ግን የምሥራቅ ህንድ ሰው፣ ቤንጋሊ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ቪጃይ ቢጆይ፣ ሳንጃይ ሾንጆይ፣ ሳሪ ሻሪ ነው፤ ባለቤታቸው ላክሽሚም ሎኪ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረ። እኔ ጉረኛው ብድግ ብዬ፣ “ጓድ መምህር የገዛ አገራቸውን ሰው ስም እንኳ አስተካክለው አይጠሩም፤ ህንዳዊነታቸው ይጣራልን!” አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ኋላ አዲስ አበባ ስማር ሌላ ቤንጋሊ መምህር ገጠመኝ። አነጋገሩ ቁርጥ እሳቸውን! ለካ አገር ሙሉ ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ ሳቁ። “እኔ አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ነው። አማርኛዬን ሰምተህ ስብሰባ ልትጠራብኝ ነው እንዴ?”

“ኧረ በሕግ ጋሼ!”

“በል ቶሎ ድረስላቸው።”

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ኬላ። ሁላችንም ወረድን፤ መታወቂያ፣ ፍተሻ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምን።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አዋሳ

ሐይቁ ብቅ ሲል ሆዴ ባባ። ብስክሌቶቹ፣ ጋሪዎቹ፣ ያ የልጅነት ከተማዬ! በሃምሳ ሳንቲም ጋሪ ተሳፍሬ በረርኩ። ደጃፋቸው ላይ በገመድ የታሰሩ ሻንጣዎች ተደርድረዋል። ሚስተር ቢጆይ ገና ሲያዩኝ ለዩኝ።

“ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው። ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ። ያን ቀን ያለቀሰችው ሎኪ ናት። ለእሷ ንገራት።”

ወይዘሮ ሎኪ ጓዳ ውስጥ ሻሪያቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው የሐይቁን ዓሣ በሰናፍጭ ይሠራሉ። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙ። ያንኑ ይቅርታዬን እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። አስቀመጡኝና ዓሣውን ሳህን ላይ አወጡ። ከዚያ እሾሁን በጣታቸው አንድ በአንድ እየለቀሙ ነጩን ሥጋ ፊቴ ያደርጉልኝ ጀመር።

“እኛ አገር” አሉ ሚስተር ቢጆይ ከበሩ ላይ ሆነው፣ “እናት ለልጇ ነው እንዲህ የምታደርገው።”

“ብላ” አሉኝ ወይዘሮ ሎኪ።

እያለቀስኩ በላሁ።