ሽታዬ ልጆቿን ይዛ ነጭ ሳር የሄደች ጊዜ

ሽታዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ፣ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ጫማ ሻጭ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሕፃን ሳለች ፖሊዮ ግራ እግሯን ስላቀጠነው በክራንች ትሄዳለች፤ የስፌት መኪናዋን ግን ቀኑን ሙሉ በቀኝ እግሯ ስትረግጥ ትውላለች። ለልጁ ዩኒፎርም የሚያሰፋ የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቁጡ ናት ይላሉ። እሷም አትክድም።

ነገሩ የተጀመረው የልጆቿ ትምህርት ቤት ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ ሲያዘጋጅ ነው። ትንንሾቹ የሚሄዱት ከወላጅ ጋር ብቻ ነው ተባለ። ሽታዬ የሰባት ዓመቷን ቤቴልንና ታናሿን ቤኒን አስከትላ ልትመዘገብ ሄደች። ጉዞውን የሚያስተባብረው መምህር ክራንቿን አየት አደረገና፣

«እህቴ፣ እዚያ እኮ በእግር ነው የሚኬደው። ሌላ ዘመድ ብትልኪ አይሻልም? ቡድኑ እንዳይጓተት ብዬ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ» አላት።

እንዲህ ያለ ነገር ለራሷ ለምዳዋለች። ያንገበገባት ቤቴል እጇን ይዛ ቆማ መስማቷ ነው።

«ተቀይሜያለሁ» አለችው። «ልጆቼን እኔው ራሴ እወስዳቸዋለሁ።» ሳትመዘገብም ወጣች።

ባሏ ባዳቾ አናጺ ነው። በዚያ ሰሞን ገሱባ ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ስለነበር ነገሩን የሰማው ቅዳሜ ቤት ሲመጣ ነው።

«ነጭ ሳር ድረስ ምን አስኬደን? ዳሞታ ተራራ ይኸው ደጃችን ላይ ቆሞ!»

«ልጆቹ ፓርክ ነው ያሉት። ጓደኞቻቸው ጉሬዛ አይተው መጥተው ሲያወሩ፣ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ሊያዳምጡ ነው?»

«እሺ በቃ፣ ፈቃድ ሳገኝ እወስዳቸዋለሁ።»

«አንተ ከወሰድካቸው ሰውዬው ልክ ነበር ማለት ነው» አለች ሽታዬ። «መምጣት ከፈለግህ ከኋላችን ትመጣለህ።»

ባዳቾ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እናቱ እማማ አሰፋሽ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥተው «ለምራቴ እግር ጸልዩላት» ብለው አሳሰቡ። ሽታዬ ይህን ስትሰማ «እግሬን ተዉት፣ መንገዱ እንዳይጨቀይ ጸልዩልኝ» ብላ መለሰች።

ከዚያ ዝግጅቱን ተያያዘችው። ፓርኩ አጠገብ፣ አርባ ምንጭ ከተማ የምትኖር ሳምራ የምትባል የልጅነት ጓደኛ አለቻት፤ ደወለችላት። ከተማው ሥር ካለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ወደ ምንጮቹ የሚወስድ አጭር የእግር መንገድ እንዳለ፣ ጥላ እንደሆነና የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ አብሮ እንደሚሄድ ነገረቻት። ሽታዬን ግን ይህ አልበቃትም። የዛፍ ሥር የበዛበት ነው ወይ? ልጅ አረፍ የሚልበት ግንድ አለ? ትንኙስ?

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ሰው መጥቷል፣ እንዲህ የጠየቀኝ የለም» አለቻት ሳምራ።

«እኔ እጠይቃለሁ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛ ዳሞታ ግርጌ መለማመድ ጀመረች። መጀመሪያ የወጡ ቀን ቤኒ ገና ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳይደርሱ መንገዱ መሃል ቁጭ አለና «እግሬ አለቀ» ብሎ አለቀሰ። ሽታዬ ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቀችው ስለ ራሷ እግር ነበር፤ የጉዞው ልክ ግን የቤኒ እግር መሆኑ እዚያው ገባት። ከዚያ ወዲህ ልጅ ደከመኝ ሳይል ማረፍ ጀመሩ። ማልደው ይወጣሉ፤ ፊታቸው መቅላት ሲጀምር፣ የትም ይድረሱ የት፣ ይመለሳሉ። ከዩኒፎርም በተረፈ ካኪ ለሁለቱም የጀርባ ቦርሳ ሰፋችላቸው፤ የየራሳቸውን ውኃና ሙዝ የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው። የክራንቿን ጫፍም ጫማ ጠጋኙ ጋ ወስዳ፣ እንዳያንሸራትታት ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ሰፊ ጎማ አስለወጠችው።

ታኅሣሥ ላይ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ባዳቾም ፈቃድ አግኝቶ ከኋላ ተከተለ። አዳራቸው ሳምራ ቤት ሆነ። ጠዋት ፓርኩ በር ላይ የተመደበላቸው ስካውት፣ ትዕዛዝ የሚባል ረጅም ሰው፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ መንገድ መንገዱን ተመለከተ።

«መኪናችሁስ?»

«የለንም። ልንሄድ ነው የመጣነው» አለች ሽታዬ። «አንተ መንገዱን ታሳየናለህ፤ ፍጥነቱን የምወስነው ግን እኔ ነኝ።»

ደኑ ቀዝቃዛ ነበር። ቤቴል ገና ከመግባታቸው ጉሬዛ አየች፤ ነጭ ጭራው ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ሁሉም ቆመው አዩት። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ለማረፍ ሲቀመጡ ቤኒ ቦርሳውን አጠገቡ አኖረ። ከየት እንደመጣ ያልታየ ጦጣ ቦርሳውን ከነውኃው ላፍ አድርጎ ዛፍ ላይ ወጣ። ሽታዬ ክራንቿን አንሥታ ጮኸችበት። ጦጣው ቅርንጫፍ ላይ ተደላድሎ ሙዙን መላጥ ጀመረ።

ቤኒ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። መራመድም እምቢ አለ።

«ምንጩ እኮ ቅርብ ነው» አለ ትዕዛዝ።

ባዳቾ ልጁን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገው። «በቃ፣ እሸከመዋለሁ። እንሂድ።»

ሽታዬ መድረስ ፈልጋለች፤ ከሁሉም በላይ ፈልጋለች። ግን የቤኒን ፊት አየች፤ ቲማቲም መስሏል።

«አውርደው። እንመለሳለን።»

«እዚህ ድረስ መጥተሽ?»

«ነገ እንመጣለን። ምንጩ የትም አይሄድም።»

ያን ቀን ማታ አልቻለችም ይሉኛል ብላ ስታስብ አመሸች። ቢሆንም ማልዳ ልጆቹን ቀሰቀሰችና አጠገባቸው የሙዝ ሽታ እንኳ እንዳይኖር ቁርሳቸውን ቤት አብልታ ወጣች። ፓርኩ በር ላይ ትዕዛዝ ሲያያቸው ሳይጠየቅ ተነሣ፤ በዚያ ቀን እርምጃውን ከእሷ እርምጃ ጋር አስተካክሎ ነው የሄደው።

ምንጮቹ ጋ ደረሱ። ውኃው ከገደሉ ሥር ኩልል እያለ ይወጣል። ልጆቹ እየጮኹ ገቡበት። ሽታዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ወዲያ ማዶ ለጉብኝት የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ዓይናቸው ግራ እግሯ ላይ አረፈ። ሽታዬ ዕድሜ ልኳን ያን እግር በረጅም ቀሚስ ስትሸፍን ኖራለች። እጇም እንደ ልማዱ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ቀሚሷን ወደ ታች በመሳብ ፈንታ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሁለቱንም እግሮቿን ውኃው ውስጥ ከተተች። እስኪጠግቡ ይዩት ብላ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸውን የሰበሩት እነሱ ናቸው።

«እማዬ፣ ቀዘቀዘሽ?» አላት ቤኒ።

«በጣም። ና አጠገቤ ተቀመጥ።»

ሶዶ ከተመለሱ ገና ሳምንት ሳይሞላ ባዳቾ ስለ ማዜ ፓርክ ስትጠያይቅ ደረሰባት።

«ማዜ ሜዳ ነው እኮ። ጥላ የለውም» አላት።

«ጥላ ይዘን እንሄዳለን» አለችና የስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች።