ዋንጫ የበላን ቀን

የጄኔሬተር ቤንዚን ሽታ አልወድም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ኳስ በቴሌቪዥን የሚታይበት ኳስ ቤት ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ሽታው ከጎን ከሚጠበሰው ዓሣ ጋር ተደባልቆ በሱቄ በር ይገባና የወጣቱ ጩኸት ይከተለዋል። ያን ጊዜ የያዝኩትን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። ደንበኛ ስኳር ቢለኝ ጨው እሰጠዋለሁ።

ቅዳሜ ለት ጎል ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲዘል አንተ መጥተህ፣ አንቺ የነሱ ደጋፊ አይደለሽ እንዴ፣ ምነው ሰው የሞተብሽ መሰልሽ ብለህ ጠየቅከኝ። ሰው በዝቶብኝ ስለነበር ሳቅ ብዬ አለፍኩህ። ደጋፊማ ነኝ። አንተ ንፍጥህን ሳትጠርግ ጀምሮ ነው የደገፍኳቸው። የእንግሊዙን ክለብ ስም ብቻ አልጠራውም፤ ግማሹ ሰፈር ሊያቅፈኝ፣ ግማሹ ሊስቅብኝ ይነሳል፣ ሁለቱንም አልችልም። አሁን ገበያው ቀዝቅዟልና ተቀመጥ፣ ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከመናኸሪያው ተነስቶ እስከ ሐይቁ ዳር ይመላለሳል። እሑድ እሑድ ደግሞ እስጢፋኖስ ገዳምን ሊሳለሙ የሚሄዱትን መንገዱ እስከፈቀደለት ያደርሳቸዋል፤ የቀረውን እነሱ በእግራቸው ይጨርሱታል። ባጃጁ ኋላ ላይ የቡድናችንን አርማ ለጥፎበት ነበር። የተሸነፍን ማግስት የተቃራኒ ደጋፊዎች እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙትና አርማውን ሲያዩ፣ "ተወው፣ ይሄ ባጃጅ ዳገት ላይ ነጥብ ይጥላል" ብለው ይመልሱታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እንዲህ ነበር፤ የሰደበውን ሰው በነፃ የሚያደርስ ሰው ነበር።

ኳስ ያስለመደኝ እሱ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሲከብደኝ አይቶ አንድ ቅዳሜ፣ ሻርፕሽን ልበሺና ነይ አለኝ። ኳስ ቤት ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አግዳሚው ጫፍ፣ ግድግዳው ሥር ያስቀምጠኝና እሱ በእኔና በወንዶቹ መሀል ይቀመጣል። የጭቃው ግድግዳ ርጥበት፣ የላቡ ሽታ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባው የማታ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፋ ኳሷን ስትሰውርብን የሚነሳው እሪታ፣ ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ይመጣብኛል። ኮረዳ ኳስ ቤት ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁት፣ ኳስ ታያለች ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም።

ቡድናችን በዚያ ዘመን የሰው መሳቂያ ነበር። መስከረም ላይ ያገሳል፣ ጥር ላይ ያስላል፣ ሚያዝያ ላይ ይተኛል። እኔ አልቅሼ ስወጣ ወንድሜ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "አብሽሪ" ይለኛል። እኛ አገር ለሞተበትም፣ ለታመመውም፣ ለተሸነፈውም የምንለው ይህንኑ ነው፤ አይዞሽ፣ መልካሙ ይመጣል ማለታችን ነው። ከሱ አፍ ሲወጣ ግን መልካሙ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጆች አንድ በአንድ የሳዑዲን መንገድ ጀምረው ነበር። በባቲ ወርደው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው። የደረሰው ይደውላል፣ ያልደረሰው ቤት ድንኳን ይተከላል። አብሮ አደጎቹ ወንድሜን አላስቀምጥ አሉት፤ ካላንተ አንሄድም አሉት። አንድ ቀን ሰው የሚያሻግር ደላላ ይዘው መጡ። ሰውየው ደጃችን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ እማ ያቀረበችለትን ውሃ እየጠጣ ስለ ጅዳ ሲያወራ የሰማው ሰው መንገዱ ሁሉ አስፋልት ይመስለዋል።

ወሎዬ እንቢ ማለት አይሆንለትም፣ ታውቃለህ። ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ ሲለምነን አልፈልግም ብለን ፊቱ ላይ አንዘጋበትም። ኢንሻአላህ እንላለን፣ እስቲ አላህ ያመቻቸው እንላለን፣ ሰሚውም ይገባዋል። ወንድሜን ግን ያን ቀን ቀልድ አማረው። እጁን አነሳና፣ "ወላሂ፣ ቡድናችን ዋንጫ የበላ ቀን እሄዳለሁ። እስከዚያ እንዳትጠይቁኝ" አለ።

ሳቅ ሆነ። ደላላው ሳይቀር ሳቀ። እነዚያ ሰዎች ዋንጫ ሊበሉ! መቼም አልሄድም ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። እማ ብቻ በሩ ላይ ቆማ፣ "ወላሂ ባትል ምናለ" አለች። እሷ የድሮ ሰው ናት፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ትላለች።

በዚያም ዓመት ተሸነፍን፣ በሚቀጥለውም። እማ ደስታዋን አልቻለችውም። ከኳስ ቤት ስንመለስ ከጓዳ ሆና "ተሸነፉ?" ትለናለች። አዎ ስንላት "አልሐምዱሊላህ" ብላ ራት ታቀርባለች። እኛም እየሳቅን እንበላለን። ሽንፈት ራት የሚያጣፍጥበት ቤት የኛ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። መስከረም ላይ አገሱ፤ እሺ፣ የለመድነው ነው። ጥር ሲመጣ እስኪያስሉ ጠበቅን። አላሳሉም። መጋቢት ገብቶ የሊጉ መሪ እነሱ ነበሩ። ኳስ ቤቱ በዘፈን ሲናጋ እኔና ወንድሜ እንተያያለን። ደላላውም ኳስ ማየት ጀመረ። የትኛው ቡድን በየትኛው በኩል እንደሚያጠቃ እንኳ የማያውቅ ሰውዬ መጥቶ ከኋላችን ይቀመጣል፤ ጎል በገባ ቁጥር የወንድሜን ትከሻ ይነካል። ስንት ዓመት ያለቀስኩለት ዋንጫ እንደዚያ ሆኖ ነው የመጣልኝ።

እማ ደግሞ ኳስ ተማረች። ጭንቀት ነው ያስተማራት። ነጥብ መጣል ምን እንደሆነ፣ አቻ ለማን እንደሚጠቅም፣ ማን እግሩን እንደታመመ ትጠይቀኛለች። ሰጋጃዋ ላይ ሆና ዱዓ ስታደርግ የዋናውን አጥቂያችንን ስም አጣማ ስትጠራው ሰምቻታለሁ፤ ያ ረቢ አትግደለው፣ ብቻ አስቀምጠው ትላለች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነገሩን ሰምታ ለእስጢፋኖስ ጧፍ ተሳለች። ስትነግረን ራሷን ሳቅ አፈናት፤ ሰው ለልጅ ይሳላል፣ ሰው ለዝናብ ይሳላል፣ እኔ እንግሊዞች እንዲሸነፉ ተሳልኩ አለች። ሳቋ ሲያልቅ ከእማ ጋር ተያይዘው አለቀሱ።

ሚያዝያ ላይ የባጃጁ ባለቤት ባጃጁን ሸጠው። ወንድሜ አርማውን ልጦ ሊያወጣው ሲሞክር ተቀደደበት፣ ግማሹን በኪሱ ይዞ ገባ። ሥራ ፍለጋ ወደ ደሴ ተመላለሰ፤ ሲመለስ ምን አሉህ ብዬ መጠየቅ ተውኩ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየሰበሰቡ ነበር፣ ውሃው ላይ ፀሐይ ታብረቀርቃለች። አይዞህ፣ ነጥብ ይጥላሉ፣ ታያለህ፣ የኛ ሰዎች መቼ ጨርሰው ያውቃሉ አልኩት። ድንጋይ አንስቶ ውሃው ላይ ወረወረና ክቡ እስኪጠፋ አየ። እኔ ስለ ኳሱ የሚያስብ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ላይ፣ እሑድ ነበር። ካሸነፉ ዋንጫው የነሱ ነው፤ አቻ ከወጡ እንኳ ለተከታያቸው ያልፋል። እማ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የተጠረገውን ግቢ ደግማ ደጋግማ ትጠርጋለች፣ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች። የአምባሰል ሰው ናት፤ ሲጨንቃት ቃል የሌለው ዜማ ነው የሚወጣት። ልንወጣ ስንል ወንድሜን ቀና ብላ አላየችውም። እኔን ነው ክንዴን የያዘችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንዳትደግፊያቸው" አለችኝ።

ኳስ ቤቱ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ያጓራል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል። የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ እየሄደ ነው። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ፤ ምን እንደምለምን ግን ልቤ ተምታቶብኛል። አፌ እንዲስቱ ይለምናል፣ እግሬ ከአግዳሚው ሥር አብሯቸው ይመታል። በትእዛዝ የሚቆም ፍቅር የለም መቼም። ሰዓቱ አለቀና የባከነ ሰዓት ተጨመረ። እማ ዱዓሽ ደረሰ አልኩ በልቤ። የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሷ ተሻማች፣ አንዱ ዘሎ በግንባሩ ገጫት፣ መረቡ ሲወዛወዝ አየሁ።

ዘለልኩ። ወላሂ ዘለልኩ። የወንድሜ አንገት ላይ ተጠምጥሜ "በላን! በላን!" እያልኩ ጮኽኩ። ቤቱ ሁሉ እየጮኸ ነው፣ አቧራው ከጣራው ይረግፋል፣ የማላውቀው ሰው ጭንቅላቴን ይስመኛል። ወንድሜ ግን አልተነሳም። ቁጭ እንዳለ አቀፈኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

"አብሽሪ" አለኝ።

ዋንጫ የበላ ሰው አብሽሪ ይባላል? ቀና ስል ደላላው ከኋላ እጁን በወንድሜ ትከሻ ላይ አሳርፎ ነበር፤ እንኳን ደስ አላችሁ አለን።

እማ ግን በዚያ አላበቃችም። በማግስቱ ማልዳ የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄደች። ሸሁም መሐላ ካሳ አለው፣ ድሃ ያብላ፣ ካልቻለ ይጹም፣ አላህ አዛኝ ነው፣ ልጁ የእናቱን እንባ ረግጦ አይሂድ ብለው መለሷት። እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ሻሿ ከራሷ ወርዶ አንገቷ ላይ ነበር። እሱ ይጾማል፣ እኔም አብሬው እጾማለሁ፣ አለቀ አለች። እንደዚያን ቀን ጠዋት ፊቷ በርቶ አይቼው አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም።

ወንድሜ እግሯ ሥር ተቀመጠ። እጇን ያዘ።

"እማ፣ መሐላውንማ ጾሜ አፈርሰዋለሁ" አላት። "ሲነጋስ? ምን እሆናለሁ?"

እማ ሻሿን ከአንገቷ አንስታ ራሷ ላይ መለሰችው። ያን ሁሉ ወር እንግሊዞቹን ስንረግም የከረምነው ለካ በከንቱ ነው። ባጃጁ ሲሸጥ ያን ቀን ልቡ ሄዷል፤ ዋንጫው ሰበብ ነው የሆነው። ይህን እየገባኝ እንኳ ያንን በግንባሩ የገጨውን ሰውዬ እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣ። የለበሰውን የቡድናችንን ማሊያ አውልቆ እኔ ላይ ጣለው፣ በረሃ ላይ ያሞቀኛል ብሎ። እማ የሚወስዳቸውን የዕቃ መጫኛ መኪና ጎን ይዛ እስከ መታጠፊያው ድረስ አብራ ሄደች፤ ሾፌሩም አልቸኮለባትም።

አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከባሕሩ ዳር፣ በሰው ስልክ። ንፋሱ ድምፁን ይወስደዋል። ለእማ ልሰጣት ስል አይ፣ ካለቀሰች አልችልም፣ አንቺ ንገሪያት አለኝ። "ባሕሩ እንደኛ ሐይቅ ነው፣ ረግቷል በያት። አብሽሪ።" ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ሌላ ሰው አነሳና ተሳፍረዋል አለኝ።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አላህ ያውቃል። አብረውት ከወጡት አንዱ ጅዳ ደርሶ ደወለ፤ እኔ በኋለኛው ጀልባ ነበርኩ፣ ወንድምሽ የተሳፈረበትን የፊተኛውን አላየሁትም አለ። ሰፈርተኛው ድንኳን ይዞ ሲመጣ እማ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። ያየ ሰው አለ? አለቻቸው። ያየ ሰው አልነበረም። ምሰሶውን ተሸክመው ተመለሱ።

አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ከጓዳ ብዙም አትወጣም። ማሊያው ትራሷ ሥር ነው፤ ቀለሙ ምን እንደነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ጆሮዋ ግን ደኅና ነው፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ትሰማለች። ለሷ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያሸነፉ ጊዜ ሄደ፣ የተሸነፉ ጊዜ ይመለሳል። እንደዚያ አይደለም እማ የሚል አንደበት ከየት ላምጣ። ዘንድሮ ደግሞ መሪ ናቸው ትላላችሁ።

ቅዳሜ ለት አንተ ፊቴን አይተህ ከሄድክ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ገባሁ። ውጪ ገና ይዘፍናሉ። እማ ሰጋጃዋ ላይ ነበረች።

"ተሸነፉ?" አለችኝ።

"ተሸነፉ እማ" አልኳት።

አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ዳበሰች። ትንሽ ቆይታ ደጋፊ መሆኔ ትዝ አላት መሰለኝ፣ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈልጋ መታ መታ አደረገችው።

"አብሽሪ" አለችኝ፣ እሷ እኔን።