ፉርሽካና ክኒን

ባለፈው ሳምንት ከዋጃ ወደ ቆቦ ስመለስ የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ምግብ ያወራ ነበር። ባለሙያው «አሰር» የምትል ቃል ደጋገመ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። የእህሉ ገለፈት ነው፣ ሆድ የማይፈጨው፣ ድርቀት የሚያስለቅቀው አልኳቸው። «ታዲያ ይህንንስ ከብቶቻችን ቀድመውን አውቀውታል» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሐሳቤ ግን ወዲያው እትዬ ዘሀራ ግቢ ገባ።

እትዬ ዘሀራ አከራዬ ነበሩ። ቆቦ ለማስተማር ስመደብ ገና ወጣት ነኝ፤ ባለቤቴ በከባድ መኪና ጅቡቲ ይመላለሳል፣ ቤቱ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። የመጀመሪያ ልጄን እዚያ ግቢ አረገዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። እናቴ የሞተችው ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ደም ፈሷት ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የዓይኔን ሽፋን ገልባ አይታ፣ አስመርምራኝም «ደምሽ አንሷል» ስትለኝ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። የብረት ክኒን ሰጥታ ሰደደችኝ።

ክኒኑ ሆዴን አደረቀው። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አይወራም፤ እኔ ግን ለእትዬ ዘሀራ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ መላ አያጡም። መኖ ሻጩ ዘንድ ሄደው ንጹሕ የስንዴ ፉርሽካ መረጡ። ሰውዬው ነገረኛ ነበርና ላሚቱ ስንት ትታለባለች ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ገና አልወለደችም» ብለውት መጡ። ፉርሽካውን ነፍተው፣ አምሰው፣ ከማሽላ ዱቄት ጋር ያገነፉልኛል። መድኃኒት በባዶ ሆድ አይወሰድም የሚሉ ናቸው፤ ገንፎው እንዳለቀ ክኒኑን ያስውጡኛል፣ ከላዩም ሻይ። ገንፎው በማይሠራበት ቀን ትኩስ የማሽላ ቂጣ አለ። ድርቀቱ ለቀቀኝ፤ ሁለታችንም ተደሰትን።

ማሽላው ታጭዶ መንገዱ አገዳ በጫኑ ግመሎች በተጨናነቀበት ሰሞን ደሜ እንደገና ተለካ። ንቅንቅ አላለም። ነርሷ እንደዚህ ከቆየ ቆቦ ልትወልጂ አትችዪም፣ ወልድያ ደም ተዘጋጅቶልሽ ነው አለችኝ። ቤት እስክደርስ የማስበው እናቴን ብቻ ነበር። እትዬ ዘሀራ ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ፤ ነገ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ረመዳን ነበር። በጾም አፋቸው፣ በዚያ ፀሐይ፣ አብረውኝ ሄዱ። ነርሷ ምን እንደምበላ፣ ክኒኑንም መቼ እንደምወስድ ጠየቀች። እትዬ ዘሀራ በኩራት ዘረዘሩላት። ስለ ፉርሽካው ሲነግሯት ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በገለፈቱ ውስጥ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ነገር አለ፣ አንጀት ሳይወስደው አብሮት ይወጣል፤ ሻይም እንደዚያው ነው አለችን። እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ነርሷ ገብቷት መሰለኝ ወንበሯን ወደሳቸው ሳበች።

«እማማ፣ እርስዎ ከድርቀቱ አድነዋታል። ፉርሽካውም ደግ ነው፣ ክኒኑም ደግ ነው። አብረው ሲገቡ ነው የሚጣሉት።»

«እንግዲያ የተጣላን ማለያየት ነዋ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

ለያዩዋቸው። ገንፎው ወደ ማታ ዞረ፤ በቂጣው ፈንታ በደንብ የቦካ እንጀራ መጣ፣ ቡኮው የያዘውን ብረት ይለቃል ተብለናልና። ክኒኑ ረፋድ ላይ በሎሚ ውሃ ሆነ። ረፋድ ላይ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ስለዚህ እትዬ ዘሀራ የተጨመቀ ሎሚ በጠርሙስ ይዘው በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። ፊታቸው መጠጣት አፍሬ ዞር ስል እጄን ያዙኝ።

«እዚሁ ጠጪው፣ ስትውጪው ልየው። የኔ ጾም የአላህ ነው፤ አንቺ ግን የኔ አማና ነሽ።»

አደራ ማለታቸው ነው። በዚያ ዕድሜዬ አንድም ሰው አደራዬ ነሽ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሎሚው ቢኮመጥጠኝም ደስ እያለኝ ጠጣሁት።

ደሜ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ቆቦ ወለድኩ። ከወለድኩ በኋላ ደም ፈሰሰኝ፤ ነርሷ ስትሯሯጥ አያለሁ፣ እትዬ ዘሀራ ከበሩ ውጭ ዱዓ ሲያደርጉ እሰማለሁ። በኋላ ሲቆም ነርሷ፣ ያ የድሮው ደምሽ ቢሆን ይህን አትችዪውም ነበር አለችኝ። እትዬ ዘሀራ ሕፃኗን ታቅፈው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

ነርሷ ብዙም ሳትቆይ ተዛወረች፤ እትዬ ዘሀራም ካረፉ ዓመታት ሆነ። ሁለቱንም በደንብ ያመሰገንኳቸው አይመስለኝም። ለካ ሰው ምን እንደተሰጠው የሚያውቀው ከኖረበት በኋላ ነው። ያቺ ልጄ ባለፈው ጥር ተዳረች። የሙሽራው ዘመዶች የሙሽሪት እናት የት ናት ብለው ጠየቁ። እኔ ስዳር ይህን ስጠየቅ አንገቴን ነበር የደፋሁት። እሷ ግን ዘወር አለችና በእጇ አሳየችኝ፦ «ያቻት።»