ቀይ ሞተር፣ ሰማያዊ ሹካ

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። በሽተኛዋ ላዩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

ሰውየው ይህን ያለኝ የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ፣ በከፈተው ልክ ራሱ ቆሞ ነው። በአፉ መፋቂያ ይዟል። እኔን ለማናገር እንኳ አላወጣውም። ሞተሩን ከሸጠልኝ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ይወስደኛል» አልኩት። «ፍሬን ስይዝ ደግሞ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ላፍቶ ጋ ጥሎኛል።»

«ወንዶች ስንት ዓመት ነዱት፤ ማንንም ወደ ቀኝ ወስዶ አያውቅም።»

«ጉልበቴን ላሳይዎት?»

«ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ። ወድቀሽ ያጣመምሽውን እኔ ላይ አትለጥፊ።» በሩን ዘጋው። መቀርቀሪያውን ሲስብ ሆን ብሎ እንዲሰማኝ አድርጎ ነው የሳበው።

መካኒሳ አቦ ከእኛ ቤት አራት ቤት ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበር። አባቴ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ እናቴ ይህን በየዓመቱ ሳታነሳ አታልፍም። ሞተሩን ሳልመረምር የገዛሁት ለዚህ ነው። ውሉ ላይ «አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል አለ፤ ፈርሜበታለሁ። ያየሁት ቀለሙን ነው። ቀይ ነበር። ወድጄዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው።

ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስል ውሸቴን ነው፤ እናቴ «እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ ከበር እስከ በር ስመላለስ ነው የኖርኩት። በኋላ መሀል ከተማ ፎቶ የሚያጥብ ቤት ሥራ አገኘሁ። ጠዋት ከመካኒሳ፣ ከላፍቶ፣ ከሳሪስ፣ ከጎተራ ፎቶ ቤቶች ፊልም እሰበስባለሁ፣ ማታ የታጠበውን እመልሳለሁ። በታክሲ ስለነበር ሁልጊዜ እዘገያለሁ። አንድ የሳሪስ ፎቶ ቤት ባለቤት «ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና ሊያስነሱ ነው፣ የሠርጋቸው ፎቶ አንቺ ጋ ነው» ብሎ ሰው ፊት አዋርዶኛል። አሠሪዬ ሞተር ካለሽ ቦታው ያንቺ ነው አለኝ። እናቴ የአንገት ሀብሏን ሸጠች። አልለመንኳትም፤ ግን አልከለከልኳትምም።

እንግዲህ ላፍቶ ጋ የወደቅኩት በዚያ ሞተር ነው። አንዲት ላም መንገድ ስታቋርጥ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪው ተንቀጠቀጠና ፊልም የሞላው ቦርሳ ከእኔ ቀድሞ ጭቃ ውስጥ ገባ። ላሚቱ ዞራ እንኳ አላየችኝም። አሠሪዬ ቦርሳውን እያራገፈ «የሰኞ ሳምንት ደህና ሞተር ይዘሽ ካልመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ» አለ። ሌላው ሰው የራሱ ሞተር ያለው፣ በየቀኑ መጥቶ ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ ጎረምሳ ነበር። ሲያየኝ ይስቅ ነበር።

ሰውየው በሩን ከዘጋብኝ በኋላ ሞተሩን ቄራ አጠገብ ወዳለ መካኒክ እየገፋሁ ወሰድኩት።

«ወንድምሽ የት አለ?» አለኝ መካኒኩ፣ እኔን ሳይሆን ከጀርባዬ ያለውን መንገድ እያየ።

«ወንድም የለኝም።»

«ባልሽስ?»

«የምትጠግነው ሞተር ነው ወይስ ቤተሰብ?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ግን ቁልፉን አነሳ። የፊት ጎማውን አወጣ፤ ከዚያ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለት ብረቶች ነቀለ። ሹካው ይህ ነው። የብረቶቹን ልባስ አውልቆ ዘይታቸውን በጨርቅ ጠረገና ከሱቁ አሮጌ የመስኮት መስታወት አምጥቶ መሬት ላይ አጋደመ። አንደኛውን ብረት መስታወቱ ላይ አንከባለለው፤ ጸጥ ብሎ ሄደ። ሁለተኛው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በብረቱና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ያልፋል።

«ትናንት ነው የተጣመመው?» አልኩ። እኔ አጣምሜው ቢሆንስ?

«ትናንት? ይሄማ አንድ ጊዜ ተጣሞ በእሳት የተቃና ነው። እዚህ ጋ ወየብ ብሎ ጠቁሯል፣ አየሽ? በእሳት የተቃና ብረት መልሶ ይጣመማል። እኔ ደግሜ ባቃናው ደግሞ ይሰበራል። ስትነጂው ነው የሚሰበረው። አልነካውም።»

ቀጥሎ ያወለቀውን ልባስ አንስቶ በቁልፉ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ላዩ ጥቁር ነው፣ አዲስ ቀለም። ከጥቁሩ ስር ሰማያዊ ወጣ።

«ሞተርሽ ቀይ ነው፤ ሹካው የሰማያዊ ሞተር ነው። ሰማያዊ ሞተር ያለው ሰው ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ጋሼ ከቀዩ ሌላ የራሱ ሰማያዊ ሞተር ነበረው። በአቦ ቀን ነጠላውን አጣፍቶ በእሱ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው። ክረምት ላይ ቦይ ውስጥ ይዞት ገባ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የራሱን ሞተር ሹካ አጣሞ፣ ደህናውን ከቀዩ ፈትቶ ለራሱ ወስዶ፣ የተጣመመውን በእሳት አቃንቶ፣ ጥቁር ቀብቶ ለእኔ። ለሬሳ ተሸካሚው ልጅ። ማለቴ፣ ሬሳውን ለተሸከመለት ሰው ልጅ።

«ሌላ ሹካ አይገኝም?» አልኩ።

«ለዚህ ዓይነቱ? ከሞተ ሞተር ላይ ካልሆነ የትም አታገኚም።»

ያን እሑድ ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ ጠብቄ የጋሼ በር ላይ ቆምኩ። ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ጋሼ ከሰዎች ጋር እያወራ ሲመጣ «አንተ ሌባ! የሞተሬን ሹካ መልስ!» ብዬ ጮህኩ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን አንዲት ሴትዮ አፌን በእጇ ይዛ አስቀረችው። ጋሼ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከብን።

እናቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሹካው የእኔ ነው እኮ» አልኳት።

«ይሁን።»

«ሰርቆኛል እኮ!»

«ይሁን አልኩሽ! አንቺ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ። እኔ እዚህ ነኝ። ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ያንቺ ሞተር ነው?»

የእርቁ ቀን ቅዳሜ ሆነ፣ አሠሪዬ ከቀጠረኝ ሰኞ በፊት። ቦታው የተበደለው ሰው ቤት ነው ተባለ። የተበደለው ሰው እሱ ነበር።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ዘርግተዋል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ የዕድራችን ዳኛ፣ አንድ ስናወራ የሚያንቀላፋ ጡረተኛ፣ እና ሰፈራችን ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ የኖሩ፣ እስከዚያን ቀንም ወደ ሀና ማርያም በኩል ጤፍ የሚያርሱ አዛውንት። ሰማያዊው ሞተር ከእኛ አምስት እርምጃ ርቆ ሸራውን እንደለበሰ ግድግዳው ስር ቆሟል። እኔ የተጣመመውን ብረት በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

«በመጀመሪያ» አሉ ዳኛው፣ «ዳኝነቱን ለእኛ ሰጥታችኋል?»

«ሰጥቻለሁ» አለ ጋሼ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ እኔም፣ እንዲያውም ቶሎ ብዬ። ቶሎ ወደ ሹካው እንድንሄድ።

«ዋስ ጥሪ።»

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ «ዋሷ እኔ ነኝ» አለች።

እንደ ማዕድ ጸሎት ያለ የወግ ነገር መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ጋሼ መናገር ሲጀምር ነው። አባቴን እንዴት እንደተሸከመ ተናገረ። እኔ ሕፃን ሳለሁ በሞተሩ ሐኪም ቤት እንዳደረሰኝ ተናገረ፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ እውነት መሆን አለበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከቅዳሴ ስመለስ፣ በነጠላዬ እያለሁ፣ አንተ ሌባ አለችኝ» አለ። ጡረተኛው እንኳ ነቃ።

ተራዬ ሲደርስ ጋዜጣውን ፈታሁ።

«ብረቱን አስቀምጪው ልጄ» አሉ ዳኛው። «የተጠራነው ለብረት አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የተጠራችሁት?»

«ለስድቡ።»

ገበሬው አዛውንት ብትራቸውን መሬቱ ላይ እያሽከረከሩ «የሞተሩንስ ነገር አንሰማም እንዴ?» አሉ።

«የሞተሩ የገበያ ነገር ነው፣ አባባ» አሉ ዳኛው። «ውል አላቸው፣ ምስክር አላቸው። ያን ፍርድ ቤት ያየዋል።»

«ፍርድ ቤት አያስፈልግም» አልኩ። «ያን ሸራ አንድ ጊዜ ግለጡት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከስሩ ያለው ሹካ ቀይ ካልሆነ እኔ ራሴ መሬት ላይ ተደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጋሼ ወደ ዳኛው ዞረ። «በገዛ ቤቴ ልትፈትሹኝ ነው የመጣችሁት? እንዲህ ከሆነ እርቁም ይቅርብኝ።»

«ኧረ የለም፣ የለም! ተቀመጥ በእግዜር። ማን ይፈትሽሃል?» ሦስቱም፣ ማለቴ ሁለቱ፣ እጃቸውን አራገቡ። አዛውንቱ ሸራውን እያዩ ነበር።

ለመምከር ወደ ዶሮ ቤቱ በኩል ፈቀቅ አሉና ተመለሱ። ፍርዱ አጭር ነው፦ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሱም ይቅር ይለኛል። ስለ ሹካ አንድም ቃል የለም።

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን ጣቶቿ ላይ ጠቅልላ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለች። እኔም በሆዴ ሂሳብ ሠራሁ። ጉልበት መሳም ምን አለው? ጎንበስ ማለት ነው፣ ቀና ማለት ነው። ስሜው ልቡ ይራራል፤ ከዚያ ሹካውን እጠይቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹም ታርቃችሁ የለም እንዴ፣ ስጣት ይሉታል። ሰኞ ቀዩን ሞተር አስነስቼ እሄዳለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ተነስቼ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ሱሪው ናፍታሊን ይሸታል፣ ከሳጥን ገና የወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኩ። ወዲያው አላነሳኝም። ሁሉም ደህና አድርገው እስኪያዩኝ ቆየና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ይቅር ብያለሁ። ልጄ ናት።»

ዳኛው መረቁ፤ እኛም አሜን አልን። የሰውየው ሚስት ጠላ ይዛ ወጣች። ቀድታ እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቅኩም።

«እሺ፣ አሁንስ ሹካዬ?»

ዳኛው ብርጭቆውን ከአፋቸው መለሱ። «ምን አልሽ?»

«ታርቀናል። አሁን ሹካዬን ይስጠኝ።»

«ልጄ፣ እርቅ ወርዷል። እርቅ ከወረደ በኋላ የቀድሞውን ማንሳት የለም። ያነሳ ወገን ዋሱን ነው የሚያስቀጣው። ዋስሽ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ።»

«ስለ ሹካው መቼ ተነጋገርንና ነው የቀድሞ የሆነው?»

«ሁሉም አንድ ላይ ተቀብሯል።»

ጋሼ ጠላውን ጎንጨት አለና ከንፈሩን ጠረገ። ለሚስቱ የሚያወራ መስሎ «ሰኞ ሥራ አላት አሉ» አለ። «በጠዋት ብትነሺ ታክሲ ታገኚያለሽ፣ ልጄ። ከስድስት ቁጥር አውቶቡስ ማዞሪያ ጀምሮ ሰልፍ የለም።» ጡረተኛው ሳቀ፤ ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን እንጃ።

አምስቱን እርምጃ ተራመድኩና ሸራውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። በገመድ የታሰረ ነበር፤ ገመዱ ተበጠሰ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

ሰማያዊው ሞተር ወጣ። መሪው ሰማያዊ፣ ታንከሩ ሰማያዊ፣ ፓራፋንጎው ሰማያዊ። የፊት ጎማውን የያዙት ሁለቱ እግሮች ደግሞ ቀይ፣ እንደ እኔ ታንከር ቀይ። ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል።

ዳኛው ብርጭቋቸው ውስጥ አተኩረው አዩ። ጋሼ መፋቂያውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። አዛውንቱ ብቻ ብትራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ቀርበው ቀዩን ብረት በጣታቸው ነኩት፤ ዞረው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሸፍኚው» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አየሽው አይደል?»

«አየሁት። ሸፍኚው።»

«እናትሽን ስሚ ልጄ» አሉ ዳኛው፣ ቀና ሳይሉ።

ሸራው እጄ ላይ ነበር። መሬት ላይ ለቀቅኩት። በእናቴ ፊት አልፌ መቀርቀሪያውን ሳብኩና ወጣሁ።