የመረጥኩት ስልኩን ነበር

አዲስ ስልክ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ሲላጥ የሚያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ መስማት አልወድም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ሱቅ ውስጥ በጥፍሯ ስትልጠው ሰማሁና የመጣሁበትን ሳልገዛ ወጣሁ።

አባቴ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከእናቴ ጋር ተጣልቶ እኔን ካስለቀሰኝ፣ በማግስቱ አንድ ነገር በፌስታል ይዞልኝ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ጫማ፣ ሌላ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ቦርሳ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ኋላ ኋላ ሲጣሉ እያለቀስኩ እንኳ ነገ ምን ይገዛልኝ ይሆን እል ነበር።

አስራ አራት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ መረራትና ወግዲ ከሚኖረው ወንድሟ ቤት ገባች። ሽማግሌዎች ፍቺውን ሊጨርሱ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ፤ እናቴም መጣች። ዝናቡ አባርቶ እርጥቡ አፈር ይሸታል፤ ከመናኸሪያው የረዳቶቹ “ወረኢሉ! ወረኢሉ!” የሚል ጥሪ ይሰማል። አባቴ በዋዜማው ስልኩን ከነካርቶኑ አሳይቶኛል። “ከኔ ጋር ነኝ ካልሽ ያንቺ ነው” ብሎኛል።

“በይ ልጄ፣ አትፍሪ። ከማን ጋር መሆን ትሻለሽ?” አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። መልሴን የምታውቀው መስሏት ፈገግ ብላለች።

“ከአባቴ ጋር” አልኩ።

“እንግዲያው ቤቱም ልጅቱ ላለችበት ወገን ይሁን” አሉ ሽማግሌው። እኔ ይህን ከዚያ በፊት አልሰማሁም ነበር። አባቴን አየሁት፤ ምንም አልደነቀውም። ለካ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል። በአንድ ስልክ ገዝቶኝ ቤት አተረፈብኝ። ወር ሳይሞላ አዲስ ሚስት አገባ፤ የሷ ዕቃ ሲገባ እኔ ከነስልኬ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ተዛወርኩ። እንደዚያ ቀን ተከድቼ አላውቅም። ግን እኔስ ማንን ነበር የከዳሁት?

እናቴን ላባብላት አሰብኩ። የማውቀው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ከአባቴ ሱቅ ውስጥ የሚያምረውን ሻርፕ መረጥኩና በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ወግዲ ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። ፌስታሉን ዘረጋሁላት። እጇን አላነሳችም።

“አባትሽን መስለሽ መጣሽ” አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንባዬ ሲመጣ አይታ “አብሽሪ፣ ነይ ቁጭ በይ” ብላ ከባቄላው ከፈለችልኝ። አብረን ስንለቅም ዋልን። ምሳ አበላችኝ፤ ፀጉሬን እንኳ ጎንጉናልኛለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ።

እደሪ ግን አላለችኝም።